የልደት ዓመት የችሎታ መለኪያ አይደለም፦ ስለ ትውልዶችና ስለ አዲሱ ቴክኖሎጂ ለተጻፈ ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ ሲያነበው የሰነበተ፣ ትውልዶች ከአዳዲስ የኮምፒውተር አሠራሮች ጋር ስለሚላመዱበት መንገድ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ወጣቱ ከስልክ ጋር አብሮ ስለተወለደ ቴክኖሎጂውን ሳይማር ያውቀዋል፤ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ግን ቢማርም አይገባውም፤ ስለዚህ የአዛውንቶች የባንክና የመንግሥት አገልግሎት በልጆቻቸው ስልክ ቁጥር በኩል ቢፈጸም ይሻላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ክላውድ ከቀድሞው ሁሉ የተለዩ በመሆናቸው የነባር ሠራተኞች ልምድ ዋጋ አጥቷል፤ በስልክ የሚጭበረበሩትም በአብዛኛው አዛውንቶች ናቸው። ይህ ሁሉ ደግሞ ጊዜያዊ ነው፤ ትውልዱ ሲያልፍ ችግሩም አብሮት ያልፋል።

ጽሑፉ በቀና ልብ የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር በማስተማር ሥራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ የቆየሁ ሰው ነኝና፣ ፊቴ ተቀምጠው ከተማሩት ሰዎች ያየሁት ከዚህ ጋር አይገጥምም። በተለይ አዛውንቶች በልጆቻቸው ቁጥር ይገልገሉ የሚለው ምክር ሥራ ላይ ቢውል የሚያስከትለው ጉዳት ስላሳሰበኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አብሮ ተወለደ ከሚለው ልጀምር። ሐሳቡ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማርክ ፕሬንስኪ የተባለው አሜሪካዊ ወጣቶችን የዲጂታሉ ዓለም ተወላጆች፣ ታላላቆቻቸውን ደግሞ ወደዚያ ዓለም የመጡ ስደተኞች ብሎ ከሰየመ ወዲህ በየአገሩ ሥር የሰደደ አባባል ነው። ነገር ግን አባባሉ ሲለካ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን የኮምፒውተርና የመረጃ አጠቃቀም ችሎታ የመዘነው ዓለም አቀፍ ጥናት የአሜሪካን፣ የጀርመንን፣ የዴንማርክን፣ የደቡብ ኮሪያንና የሌሎች አገሮችን ልጆች ፈትኖ፣ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሱት 2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ያ ደረጃ የሚጠይቀው ያነበቡት መረጃ የሚታመን መሆን አለመሆኑን መርምሮ፣ ለተፈለገው ጉዳይ በሚስማማ መልክ አሰናድቶ ማቅረብን ነው። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በማይቸግርበት አገር ያደጉ ልጆች ውጤት ይህ ከሆነ፣ መሣሪያው አጠገብ ማደግ በራሱ ዕውቀት ይሆናል ማለት አይቻልም።

በየክረምቱ 12ኛ ክፍልን የጨረሱ ወጣቶች ወደ እኛ ይመጣሉ። ስልክ ላይ ጣታቸው ሲሮጥ ዓይን አይደርስበትም። ሆኖም አንድ ማመልከቻ ኮምፒውተር ላይ አስጽፌ «አስቀምጡት» ካልኳቸው በኋላ በማግስቱ «ክፈቱት» ስላቸው፣ ከ15ቱ መካከል የት እንዳስቀመጠው የሚያውቀው ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎበዝ ተማሪ ግራ ስትጋባ አይቼ «የት አደረግሽው?» ብላት፣ «ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬዋለሁ» አለችኝ። በእርግጥም ልካዋለች። ስልኳን አውጥታ ወደ ላይ ስታሸበልል ከዘፈኖች፣ ከፎቶዎችና ከፈተና ወረቀቶች መካከል ማመልከቻዋ ተገኘ። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ራሷ የዘየደችው መላ ነው። ነገር ግን ፋይል የሚባለው ነገር የሚኖርበት ቦታ እንዳለው፣ ያንን ቦታ ሰው ራሱ መርጦ ስም ሊሰጠው እንደሚችል የነገራት የለም። ስልኳም ይህን እንድታውቅ ጠይቋት አያውቅም፤ የዛሬ ስልኮች የተሠሩት ማኅደሩን ከተጠቃሚው ዓይን እንዲሰውሩ ሆነው ነውና። የጸሐፊው ሐሳብ የሚጎዳው አዛውንቱን ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ወጣቶች «እናንተማ ታውቁታላችሁ» እየተባሉ ሳይማሩ ይቀራሉ፤ ሥራ ለመቀጠር ሄደው ኤክሴል ክፈቱ ሲባሉ ነው ጉድለቱ የሚገለጥባቸው።

አዛውንት አይገባውም ወደሚለው ልለፍ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ ሰው ያስፈለገውንና አጠገቡ ተቀምጦ የሚያሳየው ያገኘለትን ነገር በየትኛውም ዕድሜ ይለምዳል። ልጆቻቸው ወደ ቤሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ዱባይ የሄዱባቸውን እናቶች እንመልከት። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ማንበብ ሳይችሉ ኢሞ ይጠቀማሉ። የልጃቸውን ፎቶ ለይተው፣ የቪዲዮውን ምልክት ነክተው፣ ኔትወርክ ወዳለበት ደጅ ወጥተው ስልኩን በምን አቅጣጫ መያዝ እንዳለባቸው ጭምር ያውቃሉ። ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም፤ የልጃቸውን ፊት የማየት ናፍቆት ነው ያስተማራቸው። በሌላ በኩል በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የነዳጅ ክፍያ በአዲስ አበባ በጥሬ ገንዘብ መሆኑ ሲቀር፣ በላዳቸው ላይ ያረጁ የታክሲ ሾፌሮች ከወጣቶቹ እኩል ማደያ ተሰልፈው በስልካቸው መክፈል ነበረባቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ማደያው ውስጥ ስልክ ይዞ የሚያግዝ ሰውም አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለመደ። ሾፌሮቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወጣት ስለሆኑ አይደለም፤ ካልከፈሉ መኪናው ስለማይነሳ ነው።

የሰፈራችን ሰው የሆኑ፣ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አንዲት የ70 ዓመት እናት አሉ። ስልካቸው ባለ ቁልፉ ተራ ስልክ ነው። የላቲን ፊደል አያነቡም፤ ደንበኞቻቸው ግን ጥሬ ገንዘብ መያዝ እየተዉ ስለመጡ በሞባይል ገንዘብ መቀበል ጀመሩ። ቀሪ ሂሳብ ለማየትና ገንዘብ ለመላክ የሚጫኗቸውን ቁጥሮች ቅደም ተከተል እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል፤ እየተጫኑም በከንፈራቸው ይሉታል። የሚደርሳቸው መልእክት በማይረዱት ቋንቋ ሲጻፍ እንኳ ቁጥሩ የሚወጣበትን ቦታ ስለሚያውቁ የገባውን ብር ለይተው በደብተራቸው ያሰፍራሉ። አንድ ቀን ሲሸበሩ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ይኼ ስልክ አልታዘዝ አለኝ፤ የለመድኩትን ነክቼ ሌላ ነገር ይጠይቀኛል» አሉኝ። ስልኩን ተቀብዬ ብመለከት የአገልግሎቱ ዝርዝር ተቀይሮ፣ ሦስተኛ የነበረው ምርጫ አምስተኛ ሆኗል። የነገራቸው አልነበረም። ተቀምጠን አዲሱን ቅደም ተከተል ደጋገምነው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እንግዲህ እዚህ ላይ ያልቻለው ማን ነው? ሴትዮዋ አንድ ሙሉ አሠራር በቃላቸው ያጠኑ ሰው ናቸው። የወደቀው ተጠቃሚዎቹ እነማን እንደሆኑ ሳያስብ ዝርዝሩን ያቀያየረው ወገን ነው።

ጸሐፊው እውነት የተናገሩበትን ልክድ አልፈልግም። ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ይደክማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አዲስ ነገር ለመያዝም ብዙ መደጋገም ያስፈልጋል። በጽሑፍ መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ የሚያገለግለው ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ከሆነ፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ መልእክቱን ከፍተው፣ ቁጥሩን ወደ ሌላው ገጽ እስኪያሻግሩ ድረስ ጊዜው ያልፍባቸዋል። ዕድሜያቸውን በሸማ ሥራ ወይም በእርሻ የፈጁ ሰዎችም የጣት አሻራቸው ስለሚለሰልስ ማሽኑ አልቀበል ይላቸዋል፤ ለብሔራዊ መታወቂያው ለፋይዳ ምዝገባ ከአሻራ ሌላ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል መወሰዱ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ግን የመረዳት ጉድለቶች አይደሉም። መሣሪያው ሲሠራ ሊታሰቡ የሚችሉ፣ የታሰቡባቸውም ቦታዎች ያሉ ጉዳዮች ናቸው።

አብዝቶ የሚያሳስበኝ የመፍትሔ ሐሳባቸው ነው። የአዛውንቶች ሂሳብና ምዝገባ በልጅ ስልክ ቁጥር ይሁን ሲባል ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአሁኑ አሠራር ስልክ ቁጥር መደወያ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው እሱ ራሱ መሆኑ የሚረጋገጥበት መንገድ ነው። ኮዱ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ነው፤ የይለፍ ቃል ሲጠፋ የሚታደሰው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የልጅ ከሆነ የሂሳቡ ቁልፍ የልጅ ሆነ ማለት ነው። የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ አባት በዚሁ መንገድ በልጃቸው ቁጥር ተመዘገቡ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለአባቱ አዛኝ ነው። ሆኖም ሥራ አግኝቶ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ሲም ካርዱም አብሮት ሄደ፤ ሳይሞላ ቆይቶም ተዘጋ። አባት አገልግሎት ፈልገው በሄዱ ቁጥር «ኮድ ይላክልዎታል» ይባላሉ፤ ኮዱ የሚላከው ግን ወደሌለ ስልክ ነው። ቁጥሩን በራሳቸው ለማስቀየር አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። በመስኮቱ ፊት ቆመው «እኔ እኮ በአካል መጥቻለሁ» ሲሉ የሰማኋቸው ቃል እስካሁን አልጠፋኝም። ይህ በሰላሙ ቤት የሆነው ነው። ልጅና ወላጅ የተጣሉበት፣ ወይም ውርስ የሚያጨቃጭቅበት ቤት ሲሆን ምን እንደሚደርስ ጸሐፊው ራሳቸው ያስቡት። በስተርጅና ከሰው እጅ እንዳያዩ ያጠራቀሙት ገንዘብ፣ ልጄ ኮዱን ንገረኝ ካላሉ የማይነካ ከሆነ ያ ገንዘብ የእነሱ ነው ማለት ይከብዳል።

የነባር ሠራተኛ ልምድ ዋጋ አጥቷል የሚለው ነጥብ በቴክኖሎጂው ታሪክም አይደገፍም። ክላውድ ሲባል ማስላቱና ማስቀመጡ ሩቅ ባለ ትልቅ ማሽን ሆኖ፣ ተጠቃሚው በመስመር ተገናኝቶ የሚካፈለው አሠራር ነው። ብዙ ሰው አንድ ትልቅ ኮምፒውተርን በጋራ የሚጠቀምበት ይህ መሠረታዊ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ታይቷል፤ ስለዚህ በዚያ የጋራ ትልቅ ኮምፒውተር ዘመን የሠራ ሰው ለክላውድ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሥራ አጦች ማመልከቻ ሲያጥለቀልቃቸው፣ የኒው ጀርሲ ግዛት አገረ ገዥ ፊል መርፊ በይፋ የተማጸኑት ኮቦል የሚያውቁ ባለሙያዎችን ነበር፤ የግዛቱ አሮጌ ሥርዓት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1959 በተጸነሰው በዚያ የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ነበርና። ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም የወጣት ፈጠራ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለዚሁ ዘርፍ መሠረት በጣሉ ሥራዎቻቸው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ጄፍሪ ሂንተን የ76፣ ጆን ሆፕፊልድ ደግሞ የ91 ዓመት አረጋዊ ነበሩ።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ማስረጃው ይበልጥ ቅርብ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ኮድ እንዲኖራቸው የሚያደርገው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየመሥሪያ ቤቱ አማርኛ ሲጻፍ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ እያንዳንዳቸው ለፊደሎቹ የየራሳቸውን ኮድ በሰጡ ፕሮግራሞች ነው። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። በአንድ መሥሪያ ቤት ለሥልጠና በሄድኩበት ጊዜ፣ ወጣቱ የአይቲ ባለሙያ ከድሮ ሲዲ ያወጣቸውን ፋይሎች እያሳየኝ «እነዚህን ቫይረስ በልቷቸዋል፣ ሊጠፉ ነው» አለኝ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው የክፍሉ ጸሐፊ ከወንበራቸው ሳይነሱ ስክሪኑን አየት አድርገው «ይሄማ ፓወር ግዕዝ ነው፤ ፎንቱ እኔ ጋ አለ» አሉ። ከመሳቢያቸው ፍላሽ አውጥተው ፎንቱን ሲጭኑት የ1994 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ ፊደል በፊደል ወጣ። ወጣቱ በጣም ደነገጠ፤ ወዲያውም ወንበሩን ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና እንዴት እንደሚለዩት ይጠይቃቸው ጀመር።

እኚህ ሴት ሥራ የጀመሩት በጽሕፈት መኪና ነው። ከመኪና ወደ ኮምፒውተር፣ ከፓወር ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ፣ ከፋክስ ወደ ኢሜይል፣ ከኢሜይል ወደ ቴሌግራም የተሻገሩ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ሽግግር ጣታቸው የለመደውን የፊደል ገበታ ትተው እንደገና መልመድ ነበረባቸው። መላመድ የማይችል የተባለው ትውልድ በእኛ ዘመን ከማንም በላይ ደጋግሞ የተላመደ ትውልድ ነው። ነገሩ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋርም ይያያዛል። እነዚህ ሥርዓቶች ቋንቋ የሚማሩት ከተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ አማርኛቸው የሚደክመው ደግሞ ሊያነቡት በሚችሉት መልክ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ነው። በየመሳቢያው በአሮጌ ፎንት የተቆለፈውን ጽሑፍ መፍታት የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ እየተሰናበቱ ያሉት ናቸው።

አዲሱ መሣሪያ የሠራውን ለመፈተሽም ልምድ ያስፈልጋል። በቅርቡ አንድ ወጣት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተረጎመውን ውል አየሁ። አማርኛው ያምራል። ነገር ግን ውሉ የሚጀምርበትን ኦክቶበር 2025 «ጥቅምት 2017 ዓ.ም.» ብሎታል። ማሽኑ 8 ዓመት ቀንሶ አልፏል፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት መሆኑን ልብ አላለም፤ ትክክለኛው 2018 ነበር። ወጣቱ አላስተዋለውም። ያስተዋሉት ዕድሜያቸውን ሙሉ ውል ሲያገላብጡ የኖሩት የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ የአንድ ዓመት ኪራይ ነው የተረፈው።

ስለ ማጭበርበር የተባለው አጭር መልስ ይበቃዋል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በየዓመቱ ከሚሰበስበው አቤቱታ ደጋግሞ እንዳሳየው፣ አቤቱታ ካቀረቡት መካከል ገንዘብ አጣን የሚሉት በወጣቶቹ ዘንድ በመቶኛ ሲሰላ ከአዛውንቶቹ ይበዛሉ፤ አዛውንቱ የሚያጣው መጠን ግን ከፍ ይላል። በአገራችንም በቴሌግራም «ቤትህ ተቀምጠህ ትሠራለህ፣ አስቀድመህ ግን ይህን ያህል አስገባ» የሚለው ወጥመድ የተዘረጋው ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ነው። እያንዳንዱ ዕድሜ የራሱ መግቢያ በር አለው፤ አጭበርባሪውም እሱን ያውቃል።

የቀረው ትውልዱ ሲያልፍ ችግሩ ያልፋል የሚለው ነው። ይህን ሳነብ አዝኛለሁ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ የጀመሩት ሰዎች በጊዜው የዘመኑ ሰዎች ነበሩ። ታይፕ የሚመቱ ታላላቆቻቸውን ኋላ ቀር ሲሏቸውም ሰምቻለሁ። ዛሬ ጸሐፊው አይገባቸውም የሚሏቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው። ያች ማመልከቻዋን ቴሌግራም ላይ የምታኖር ተማሪም 60 ዓመት ሲሞላት ቴሌግራም ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም፤ ያን ጊዜ የሚመጣው መሣሪያ የእሷን ዓይንና የእሷን ጣት ካላሰበ እሷም መስኮት ፊት ቆማ «በአካል መጥቻለሁ» ትላለች።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በተራ ስልክም በ*127# እንዲሠራ መደረጉ ስማርት ስልክ የሌለውን ሰው ሁሉ ከጅምሩ አስገብቶታል፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ ያገኘ አገልግሎት ወጣቶችን ብቻ ይዞ እዚያ አይደርስም ነበር። ጸሐፊው ለአዛውንቱ የሚከራከሩ ከሆነ መጠየቅ ያለባቸው እንዲህ ያለውን ነው። ዝርዝሩ በአማርኛና በሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ለሰው ቀድሞ ይነገር፤ የኮዱ ጊዜ ይርዘም፤ መስኮቱም አይዘጋ፣ ከኋላውም ታግሶ የሚያሳይ ሰው ይቀመጥበት። ቁጥሩ ግን የባለቤቱ ይሁን። እኚያ ጡረተኛ አባት በአምስተኛው ጉዟቸው ተሳክቶላቸው በስማቸው ባወጡት ሲም ተመዝግበዋል፤ የሚስጥር ቁጥራቸውን እኔም አላውቀውም፣ ልጃቸውም አያውቀውም።